ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ

ሴትዮዋ ወደ ፋርማሲያችን ተመልሳ ስትመጣ መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን ሳይሆን በእጇ የያዘችውን የመድኃኒት ስትሪፕ ነው። ከሳምንት በፊት ለጥርሷ የታዘዘላትን 21 ፍሬ አሞክሳሲሊን ቆጥሬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ7 ቀን። በዚያ ቀን አንድም ፍሬ ሊተርፋት አይገባም ነበር፤ እሷ ግን 14 ፍሬ ይዛ መጥታለች። ጉንጯም እንዳበጠ ነው።

«ረሳሽው እንዴ?» አልኳት። ድምፄ ውስጥ ወቀሳ ነበረበት።

«ኧረ አንድም ቀን አልረሳሁም» አለችኝ። «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ አላልሽኝም? እኔ የምበላው ማታ ቤት ስገባ ነው።»

ፖስታ ቤት አካባቢ ሶፍትና ማስቲካ እያዞረች የምትሸጥ ሴት ናት። ጠዋት ሻይ ትጠጣለች፤ ቀን ካገኘች ቆሎ ትቆረጥማለች። ምግብ የምትለውን ምግብ የምትቀምሰው ግን ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ከልጆቿ ጋር ነው። ያልኳትን ቃል በቃል ፈጽማለች። በቀን አንዴ በላች፣ በቀን አንዴ ዋጠች።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ አሞክሳሲሊን ምግብ የማይጠይቅ መድኃኒት መሆኑ ነው። በባዶ ሆድም ከምግብ ጋርም ይወሰዳል። እሱ የሚፈልገው ሰዓት ነው፤ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከሚገባው በታች ሳይወርድ በየ8 ሰዓቱ እንዲተካ። «ከምግብ በኋላ» የሚለው ማዘዣው ላይ አልነበረም። የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ከልማድ። ከእሷ በፊት ለስንት ሰው እንደጨመርኩት እግዚአብሔር ይወቀው።

ማዘዣው ላይ ወዳለው ስልክ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ለሐኪሟ ነገርኩ፤ መልሶ እንዲያያትም ለመንኩት። መግሉ ተከፍቶ ወጣ፣ መድኃኒቱም ከአንድ ተጀመረ። ዳነች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሥራዬን የማይበት ዓይን ተለውጧል። መድኃኒት ከመደርደሪያ አውርዶ መስጠት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሰውየው ውሎ ጋር ማገናኘት ነው። ክኒኑ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰዎቻችን ደግሞ በጾም፣ በሥራ፣ በችግር፣ በቡና፣ በታቦት የሚቆጠር የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ሁለቱ ካልተገናኙ መድኃኒቱ ቤት ገብቶም ሰውየው ጋ አይደርስም።

ፋርማሲያችን ቸርችል ጎዳና ዳር ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ማዘጋጃ ቤቱና አራዳ ጊዮርጊስ፣ ወደ ታች ሲወርዱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ከዚያ እስከ ለገሀር። ስለዚህ የሚገባው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ከክፍለ ሀገር ታማሚ ይዞ የመጣ አስታማሚ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ሊስትሮ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናት፣ ተማሪ። ሁሉም ይቸኩላል። እኔ ግን አሁን ማንም ፊቴ ሲቆም መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚበሉት?» የሚለውን ነው። አንዳንዱ ግራ ይጋባል። አንዳንዱ ያፍራል፤ ለዚህም ነው ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምጠይቀው። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበሉ ለማያውቁት ሰው መናገር በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም።

ምግብ የሚጠይቁ መድኃኒቶች በእርግጥ አሉ። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ሆድ ያገላብጣል፣ ተቅማጥ ያመጣል፤ ብዙ የስኳር ታማሚ መድኃኒቱን የሚተወውም በዚህ ነው። የሕመም ማስታገሻዎቹ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራን ይጎዳሉ፤ ከምግብ ጋር መውሰዱ ማቃጠሉን ይቀንሳል እንጂ ሲደጋገም ከቁስለት አያድንም። የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከመጀመሪያው ምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መዋጥ አለበት፤ አሲድ የሚያመነጩት ሕዋሳት ለምግቡ ሲነሱ መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ ገብቶ ሊጠብቃቸው ይገባል። በልቶ፣ ሲያቃጥለው፣ ማታ ላይ የሚውጥ ሰው «ይሄ መድኃኒት አልሠራልኝም» ቢል አይፈረድበትም።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ለወራት ከእኔ ኦሜፕራዞል ሲገዛ ቆይቶ አንድ ቀን «ለወገቤ ዲክሎ ጨምሪልኝ» አለኝ። ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ስጠይቀው በየቀኑ እንደሆነ ነገረኝ፤ ከሌላ ቦታ ነው የሚገዛው። በአንድ እጁ የሚያቆስለውን፣ በሌላ እጁ የሚያስታግሰውን ይገዛ ነበር፤ እኔም ዲክሎውን የሚሸጥለትም የምናየው ግማሹን ብቻ ነበር። አሁን የጨጓራ መድኃኒት ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስለ ሕመም ማስታገሻ ሳልጠይቅ አልሰጥም። ግፊትና ኩላሊት ያለበት ሰውማ እነዚህን መድኃኒቶች ሐኪሙ ሳያውቅ ባይነካቸው ይሻለዋል። ፓራሲታሞል ለብዙው ሰው የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። የጉንፋን ክኒኖች ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል እንዳለ ስለማይታወቅ ደግሞ ሰው ሳያስበው ደርቦ ይወስደዋል።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ማዘዣና ሳጥን ላይ የምንጽፋት አንዲት አጭር ምልክት አለች፤ «1×3»። ለእኛ ግልጽ ናት። አንድ አባት ግን ክኒኑን በምላጭ ለሦስት ከፍለው ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ አንዳንድ ቁራጭ ሲወስዱ ከረሙ። አንዱን ለሦስት፤ የተጻፈው እንደዚያ ነው የሚነበበው። ያን ካየሁ በኋላ «1×3» ጽፌ አላውቅም። ለየ8 ሰዓቱ መድኃኒት «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» ብዬ እጽፋለሁ። ማንበብ ለማይችል ፀሐይ ስትወጣ፣ ፀሐይ አናት ላይ፣ ጨረቃ እሥላለሁ። ሥዕሌ ጥሩ አይደለም፣ ግን ይገባቸዋል።

ስልክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ልጆች ለእናት ለአባታቸው አላርም ይሞላሉ፤ ይሄ ደግ ነገር ነው። ችግሩ እናትየው «8 ሰዓት ላይ ነው» ሲሉ ልጁ ስልኩ ላይ 8 ብሎ ይሞላዋል፤ ስልኩም በፈረንጅ አቆጣጠሩ ጠዋት በ2 ሰዓት ይጮሃል። ጠዋት 12 ሰዓት የወሰዱትን በ2 ሰዓት ይደግሙታል። ሁለት ሰው ላይ ይህን አግኝቼ አሁን ስልካቸውን ተቀብዬ እኔው እሞላዋለሁ። ወረፋው ይንጫጫል። ይንጫጫ።

ያለፈው ዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ ወደ 7 ሰዓት ገደማ አንድ ጎልማሳ ሰው ገባ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «እህቴ ድካም ነው፣ ቫይታሚን ነገር ስጪኝ» አለ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብር ሲቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ቀኑ ግን ሞቃት አልነበረም። ስኳር አለብህ ወይ ስለው አዎ አለኝ፤ ግሊቤንክላማይድ ጠዋት ውጧል፤ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። ጣቱን ወግቼ ስለካው ስኳሩ በጣም ወርዶ 52 ሆኖ አገኘሁት።

ግሊቤንክላማይድ ሰው በላም አልበላም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ ይላል። ምግብ ከሌለ ስኳሩ ዝም ብሎ ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ከዚያ መዘባረቅ፣ ከዚያ መውደቅ። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ውሃ ውስጥ በጥብጬ ሰጠሁት። ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። «ጾም ነኝ እኮ» አለኝ።

ምን እንዳልኩት በትክክል አላስታውስም። ጠጣ በለው ብዬ መጮኼን ብቻ አስታውሳለሁ፤ ለማን እንደጮኽኩ እንጃ። አንዲት መድኃኒት ልትገዛ የመጣች ነጠላ የለበሰች ሴት እጁን ይዛ ወደ አፉ አስጠጋችለት። ጠጣው። 15 ደቂቃ አስቀምጬ ስለካው 81 ደረሰ፤ ከዚያ ጎረቤት ካለው ምግብ ቤት ሽሮ አስመጣንለት፤ ይህ መድኃኒት ደም ውስጥ ስለሚቆይ ስኳር ውሃው ብቻውን አይበቃም። ቤተሰቡን ጠርተን ወደ ሐኪሙ ሸኘነው።

ከወር በኋላ መጣ። የንስሐ አባቱን ጠይቋቸው ነበር፤ የታመመ ሰው እንዲህ እንዲጾም ማን አዘዘህ ብለው ተቆጡት። ሐኪሙም መድኃኒቱን ለውጦለታል። ሁለቱም ጋ መልሱ ነበር፤ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ብሆን የስኳር መድኃኒት የምሸጥላቸውን ሰዎች ትጾማላችሁ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን ጾም ሊገባ ሲል የስኳር መድኃኒት የሚወስዱትን ደንበኞቼን አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ሙስሊም ደንበኞቼ በዚህ ይሻላሉ፤ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «እናታችን ልትጾም ነው፣ መድኃኒቷን እንዴት እናድርገው?» ብለው የሚመጡ ልጆች አሉ። እኔ መጠኑን አልቀይርም፣ ሥልጣኔም አይደለም፤ ማዘዣውን ይዘው ሐኪም ጋ እንዲሄዱ፣ ለስሑርና ለአፍጥር የሚስማማ ነገር እንዲጠይቁ እነግራቸዋለሁ። ዋናው ጾሙ ሳይጀመር መጠየቁ ነው።

ጸበልም እንደዚሁ ነው። እንጦጦ ሁለት ሱባኤ ልገባ ነው ብሎ የግፊት መድኃኒቱን የሚተው ሰው አለ። በእምነቱ አልከራከረውም፤ እኔም እጠመቃለሁ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ተናግረው እንደነበር አስታውሰዋለሁ፤ ከዚያ ክኒኑን በትንሽ ከረጢት አድርጌ ከነጠላው ጋር እንዲቋጥረው እሰጠዋለሁ።

ቡና። ለነፍሰ ጡር ሴት የደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒን ከቡናና ከሻይ ጋር አይስማማም፤ ቡናው ብረቱን ይይዝና ሰውነት እንዳይቀበለው ያደርጋል። አቦል ላይ ክኒኗን ውጣ በረካ ድረስ ለምትቀመጥ ሴት የመድኃኒቱ ብዙው እጅ ባከነ ማለት ነው። ቡና ተዪ አልላትም፤ ክኒኑን ከቡናው ሁለት ሰዓት ያህል ማራቅ ይበቃል። ብርቱካን ወይም ሎሚ ካገኘች ከእሱ ጋር ብትወስደው ይበልጥ ይጠቅማታል።

የሳል ሽሮፕ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሳል የያዘው አይደለም። ደረቅ፣ ጉሮሮን የሚኮረኩር፣ ማታ ማታ የሚብስ ሳል ለወራት የቆየበት ሰው ሲመጣ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ እለዋለሁ። ኢናላፕሪል ከሆነ ሳሉ ከእሱ ሊሆን ይችላል፤ የታወቀ ጠባዩ ነው። ሦስት ዓይነት ሽሮፕ ጠጥተው፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ቀቅለው፣ ሳምባ ነው ብለው ፈርተው የመጡ አሉ። ክኒኑን በራሳቸው እንዳያቆሙ፣ ሐኪም እንዲቀይርላቸው እልካቸዋለሁ። ከተቀየረ በኋላም ሳሉ ለመጥፋት ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ቀድሜ ካልነገርኳቸው በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ።

ስለ አንቲባዮቲክ ብዙ ተብሏል፤ እኔም ብዙ ብያለሁ፤ ግን በየቀኑ ይገጥመኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት «ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን» አለኝ። አፍንጫው ይፈስሳል፣ ነገ ስብሰባ አለበት። ጉንፋን ከቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይነካም። ሁለት ፍሬ ደግሞ ለየትኛውም ሕመም አይበቃም፤ ሰውነት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ለማለማመድ ግን ይበቃል። ያለ ማዘዣ እንደማይሸጥም ነገርኩት። አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ፤ ከእኔ ሲወጣ ወደ ሌላ እንደሚገባ አውቃለሁ። ይሄ ያመኛል፤ ከእኛው ሙያ ሰዎች እጅ ነውና የሚያገኘው። በዚያች ቅጽበት ልሰጠው እችል ነበር ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ደግሞ የለም ብቻ ብሎ መመለስ ጥሩ አይደለም። ፓራሲታሞል፣ በጨው ውሃ መጉመጥመጥ፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው ልጅ ሳል ማር። እናቱ ዳማከሴ አሽታ ብትሰጠው ያሽትት፣ አልከለክልም። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን የእኔ በር ላይ መቆም የለበትም፤ ጤና ጣቢያ ነው።

የልጆች መድኃኒት ላይ ሁሌም ረጅም ሰዓት እቆማለሁ። ዱቄት ሆኖ የሚመጣው የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ ምልክቱ ድረስ ይሞላል፤ ከተቀላቀለ በኋላ እንደ ዓይነቱና እንደ አቀማመጡ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። የተረፈውን ለታናሹ ብላ የምታስቀምጥ እናት አለች፤ ወድዳ አይደለም፣ ዋጋው ከብዷት ነው። ማንኪያም ማንኪያ አይደለም። የቤቱ የሻይ ማንኪያ ሦስትም ስድስትም ሚሊሊትር ሊይዝ ይችላል፤ ከመድኃኒቱ ጋር የመጣችውን መለኪያ አትጣሏት። ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ ለምለምም፣ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው 24 ሰዓት ነው። ፓኬቱ ላይ አንድ ሊትር የሚል ከሆነ አንድ ሊትር ነው፤ በብርጭቆ ውሃ ከተበጠበጠ ጨውነቱ ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳል። ከእሱ ጋር የሚታዘዘው ዚንክ ደግሞ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም እስከ 10ኛው ቀን ይቀጥላል። «ተሽሎት የለ፣ ለምን?» ይሉኛል። ዚንኩ ለዛሬው ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥሉት ወራትም ነው የሚሰጠው።

አንድ ቀን አንድ አያት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ገቡ። ከቤት ያመጡትን የፓራሲታሞል ሽሮፕ አሳዩኝ፤ ስንት ልስጠው ነው ጥያቄያቸው። ጠርሙሱን አዙሬ ሳየው 3/2024 ይላል። «አባባ፣ ይሄ ጊዜው አልፏል» አልኳቸው። ተቆጡ። «2024 እኮ ነው የሚለው፤ ዘንድሮ 2018 ነው። ገና 6 ዓመት አለው!»

ሒሳባቸው አልተሳሳተም። ያነበቡት በራሳቸው ዘመን ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው የፈረንጅ ነው፤ 3/2024 ማለት መጋቢት 2016 ነው። በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ በዚህ መንገድ ዕድሜ የተጨመረለት መድኃኒት ስንት እንዳለ ሳስብ ይጨንቀኛል። ስለዚህ ለሁሉም የማስተምራት አንዲት ሒሳብ አለች። መድኃኒቱ ላይ ያለው የወር ቁጥር ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፤ ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። የወሩ ቁጥርም የእኛ ወር አይደለም፤ 3 ኅዳር ሳይሆን የፈረንጆቹ ማርች ነው። አባባ ሲገባቸው ጠርሙሱን እኔው ጋ ትተው አዲስ ገዙ፣ ደግሞ ሒሳቧን በወረቀት ጻፊልኝ አሉ፤ ለዕድራቸው ሰዎች ሊያሳዩ።

ምሽት ላይ፣ ልንዘጋ ስንል፣ ሌላ ዓይነት ሰዓት ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። ከውጭ ቆመው ሰው እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ፖስትፒል ነው የሚፈልጉት፣ ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠውን የእርግዝና መከላከያ። ስማቸውን አልጠይቅም፣ ፊታቸውን አላይም ብል ይቀላል፤ እስከ 72 ሰዓት ድረስ እንደሚሠራ፣ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር ግን እንደሚሻል፣ ከዋጡ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስታወኩ እንደሚደገም፣ አስቀድሞ የተፈጠረ እርግዝናን እንደማያስወርድ፣ ከበሽታም እንደማያድን እነግራቸዋለሁ። ተገዶ የተደረገ ነገር ካለ ደግሞ ለኤችአይቪ መከላከያውም 72 ሰዓት ነው ያለው፤ የሚገኘውም ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ነው። ይህን ስናገር ዓይኗን ያነሳችና ያለቀሰች አንዲት ልጅ ነበረች። በዚያች ሌሊት ሐኪም ጋ አብሬያት ሄድኩ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲነሣ ደንበኞቼ ተበተኑ። ከዓመት ዓመት በየወሩ የማያቸው እናቶችና አባቶች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። አንዳንዶቹ እዚያው አቅራቢያቸው ፋርማሲ አገኙ፤ እሰየው። አንዳንዶቹ ግን ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። ከእነሱ አንዷ በየወሩ በ23 የሚመጡት እማማ ናቸው። ጊዮርጊስን ሳልሳለምና መድኃኒቴን ሳልይዝ አልመለስም ይላሉ። ቁልቁል ሲመጡ ሲደክማቸው፣ ወንበር ሰጥቼ 5 ደቂቃ ሳላሳርፍ ግፊታቸውን አልለካም። ቡና ጠጥተው ከሆነ ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት የአዲሱን ሰፈር ወሬ ይነግሩኛል።

አምሎዲፒን ነው የሚወስዱት፣ በቀን አንድ። 30 ፍሬ፣ ከጊዮርጊስ እስከ ጊዮርጊስ። ወራችን ሁሌ 30 ቀን ነውና ከሳጥኑ ጋር ልክ ይገጥማል፤ የፈረንጅ ወር 28ም 31ም ሲሆን የእኛ እንዲህ መድኃኒት ለመቁጠር የተሠራ ይመስላል። ማንበብ አይችሉም፣ ግን አንድም ቀን አሳልፈው አያውቁም።

ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ገና ዶሮ ማነቂያ ሳሉ፣ መስከረም 23 ቀን መጡ። ስለካቸው ላይኛው 178 ሆነ። አዘኑ እንጂ አልደነገጡም። «ልጄ፣ ነሐሴ ላይ አጉድለሽብኝ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው፣ እንዳላፍር ተጠንቅቀው። አላጎደልኩም ብዬ መዝገቡን አየሁ፤ 30 ፍሬ። ከዚያ በጣቴ ቆጠርኩት። ከነሐሴ 23 እስከ ነሐሴ ማብቂያ 7፣ ጳጉሜ 5፣ ከዚያ የመስከረም 23። 35 ቀን። አምስት ቀን ያለ መድኃኒት ነበሩ። ያጎደልኩት እውነትም እኔ ነኝ፤ ከዓመቱ ውስጥ ጳጉሜን ረስቻት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ በታቦት ለሚቆጥሩ ደንበኞቼ ሁሉ 35 ነው የማስበው፤ ለሚካኤል፣ ለገብርኤል፣ ለማርያም። የሐኪም ቀጠሮ ላላቸውም ቢሆን በየሦስት ወሩ የሚሰጣቸው መድኃኒት ጳጉሜን ካቋረጠ እንዳይጎድልባቸው እነግራቸዋለሁ።

ባለፈው ነሐሴ 23 እማማ ሦስት ስትሪፕና አምስት ፍሬ ባንኮኒው ላይ ዘርግተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ አንድ በአንድ ቆጠሩ። አምስቷን ለብቻ በወረቀት ጠቀለልኩላቸው። «ይቺ የጳጉሜ ናት» ብለው መቀነታቸው ውስጥ ለብቻዋ ቋጠሯት። ሊወጡ በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ።

«ዘመነ ሉቃስ ሲመጣ ስድስት ናት፤ እንዳትረሺ ልጄ።»

ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። ነሐሴ 2019፣ 36 ፍሬ።